ምዕራፍ 7፦ ከደረጃው ሥር

እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2012፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በእንግሊዟ ደርቢ ከተማ፣ አለንተን በሚባል ሰፈር፣ ቪክቶሪ ሮድ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ከዋናው በር አጠገብ የፈሰሰ ቤንዚን ተለኮሰ። ፎቁ ላይ ስድስት ልጆች ተኝተው ነበር። ትንሹ 5 ዓመቱ፣ ትልቁ 13 ዓመቱ ነው። አምስቱ በዚያው ሌሊት ሞቱ፤ ትልቁ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።

ቤቱን ያቃጠለው ከውጭ የመጣ ጠላት አልነበረም። የቤቱ አባወራ፣ የልጆቹ እናትና አንድ የቤተሰቡ ወዳጅ ነበሩ። አባወራው ከሚስቱ ሌላ ከአንዲት ሴት ጋርም ይኖር ነበር፤ ሴትየዋ በዚያው ጣሪያ ሥር አሥር ዓመት ያህል ከኖረች በኋላ በፌብሩዋሪ 2012 አምስት ልጆቿን ይዛ ወጣች። እሱ ይህን ሊቀበል አልቻለም። የልጆቹ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ቀጠሮውም እሳቱ በተነሳበት ዕለት ጠዋት ነበር። ዐቃቤ ሕግ እንዳስረዳው፣ የታሰበው እሳቱን ያቺ ሴት እንደለኮሰችው ለማስመሰል ነው፤ አባወራው ደግሞ በጓሮ በኩል በመሰላል ወጥቶ፣ መስኮት ሰብሮ ልጆቹን ያወጣና የቀን ጀግና ይሆናል። በኤፕሪል 2013 የኖቲንግሃም ፍርድ ቤት ሦስቱንም፣ ለመግደል ሳያስቡ በፈጸሙት አደገኛ ወንጀል የስድስት ልጆች ሕይወት በማጥፋት ጥፋተኛ አላቸው። አባወራው ቢያንስ 15 ዓመት ሳይታሰር አመክሮ የማይጠይቅበት የዕድሜ ልክ እስራት፣ እናትየዋና ወዳጃቸው እያንዳንዳቸው 17 ዓመት ተፈረደባቸው።

የሰውየውን ክፋት ለመመርመር አልተነሳሁም፤ እሱን ፍርድ ቤቱ ጨርሶታል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ሦስት አዋቂ ሰዎች ልጆቹን በጊዜ እናወጣለን ብለው እንዴት አመኑ? ከየት የመጣ ስሌት ነው? መልሱ የእነሱ ብቻ አይደለም። እኔም አንተም አንቺም ስለ እሳት ያለን ግምት ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። እሳትን የምናውቀው ከምድጃ ነው። የምድጃ እሳት ደግሞ ቤት ሲቃጠል ምን እንደሚመስል አያስተምርም፤ ጭራሽ ያሳስታል።

የማድቤቱ ጭስ

ሣር ክዳን ማድቤት ባለበት ቤት ያደገ ሰው የሚከተለውን ያውቀዋል። እርጥብ እንጨት ተማግዶ ሲጨስ ልጅ ከውጭ ሮጦ ይገባል፤ ዓይኑ ይቃጠላል፣ ሳል ያፍነዋል። ምጣዱ ሥር የምትቆሰቁሰው እናቱ ግን ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ሥራዋን ትሠራለች፤ «ቁጭ በል፣ ዝቅ በል» ትለዋለች። ዝቅ ሲል መተንፈስ ይችላል። ጭሱ ማድቤቱን እኩል አልሞላውም። ከላይ እንደ ደመና ተንጣሏል፣ ከታች ንጹሕ አየር አለ፤ በሁለቱ መካከል ልጁ ቆሞ እጁን ቢዘረጋ ሊነካው የሚመስለው ድንበር አለ።

የዚህ ምዕራፍ ፍሬ ነገር እዚያ ድንበር ላይ ነው። በምዕራፍ 2 እንዳየነው የጋለ አየር ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይቀልላል፣ ሲቀል ይወጣል። ወጥቶ ጣሪያውን ሲነካ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ግድግዳውን ሲያገኝ መሄጃ ያጣና እየወፈረ ወደ ታች ይወርዳል። ማድቤቱ ውስጥ ግን ድንበሩ ከልጁ አንገት በታች እምብዛም አይወርድም። ሣሩ ያስተነፍሳል። ማለዳ ላይ ከሩቅ ስታዩት ጣሪያው በሙሉ የሚጨስ ይመስላል፤ ከምድጃው የሚነሳውን ያህል በክዳኑ ሾልኮ ይወጣል። ወጋግራው ላይ የተጋገረው ጥቀርሻ የዓመታት ጭስ በዚያ በኩል እንዳለፈ ይመሰክራል።

አሁን ያንኑ ማድቤት በሐሳብ እንለውጠው። ሣሩን አንስተን የማያስተነፍስ ኮርኒስ እንግጠምበት። መስኮቱ መስታወት፣ በሩ የተዘጋ ይሁን። በእንጨቱ ፋንታ ስፖንጅ የተሞላ ሶፋና ሰው ሠራሽ ምንጣፍ እናስቀምጥ፤ ሁለቱም ከነዳጅ ዘር የተሠሩ ናቸውና ከእንጨት ይልቅ በፍጥነት ይነዳሉ፣ ጭሳቸውም ይጠቁራል። ድንበሩ አሁን ይወርዳል። ከቆመ ሰው ራስ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ ጉልበቱ። ደመናው ደግሞ ጭስ ብቻ አይደለም። ያልተቃጠለ ነዳጅ ተሸክሟል፣ ሙቀትም ተሸክሟል፤ ሙቀቱን ምጣድ አጠገብ የቆመ ሰው ፊቱ ላይ እንደሚሰማው ዓይነት ወደ ታች ይለቀዋል። ሶፋው በስተግራ ቢነድ በስተቀኝ ያለው ጠረጴዛ ነበልባል ሳይነካው ከላይ እየተጠበሰ ነው። ከዚያ ደመናው ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ፣ በክፍሉ ውስጥ ሊነድ የሚችል ነገር ሁሉ፣ ወለሉ ጭምር፣ በሰከንዶች ውስጥ አንድ ላይ ይያያዛል።

ይህን ቅጽበት በዚህ መጽሐፍ የጅምላ መቀጣጠል እለዋለሁ። ሙሉ የመከላከያ ልብስ የለበሰ የእሳት አደጋ ሠራተኛ እንኳ ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ አይቆይም።

የምድጃ እሳት የሚያሳስተን በዚህ ነው። ከላይ ክፍት ስለሆነ ሙቀቱ ያመልጣል፤ እንጨት ካልጨመርክበት አያድግም። ስለዚህ እሳት ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ሰው የሚመጥነው ነገር ይመስለናል። በተዘጋ ክፍል ግን የእሳቱ ትርፍ ሙቀት ተመልሶ እሳቱን ራሱን ይመግበዋል። በመጀመሪያው ደቂቃ ያየኸው እድገት በሦስተኛው ደቂቃ ምን እንደሚጠብቅህ አይነግርህም።

ቤንዚኑ

ላምባና ቤንዚን በአንድ ማደያ ቢሸጡም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ኩራዝ ውስጥ ያለው ላምባ ክር ይፈልጋል። በተራ የቤት ሙቀት ከላዩ የሚነሳው ትነት ለመቀጣጠል አይበቃም፤ ወደ 40 ዲግሪ ገደማ መሞቅ አለበት። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ልብ በሉ፣ የሚነደው ፈሳሹ አይደለም፤ ትነቱ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ቢተን ከ100 ሊትር በላይ ትነት ይሆናል፤ ለመቀጣጠል ደግሞ ከአየሩ 1.4 በመቶ ያህል ብቻ መሆን ይበቃዋል። ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ይሳባል፣ በበር ሥር ይሾልካል።

ቤንዚን ያፈሰሰ ሰው የሚያየው እርጥቡን ቦታ ነው፣ «ይህችን ያህል» ይላል። እሳቱ የሚጀምረው ግን ትነቱ ከደረሰበት ሁሉ ነው። ከሶፋ የሚነሳ እሳት ከትንሽ ይጀምራል፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ይሰጣል። ቤንዚን ያንን ልጅነት ይዘለዋል፤ ገና ሲወለድ ጎልማሳ ነው። ክብሪቱ ከተጫረ በኋላ የለኳሹ ሐሳብ፣ ጥላቻውም ሆነ እቅዱ፣ በእሳቱ መጠን ላይ ምንም ድርሻ የለውም። መጠኑን የሚወስነው ትነቱና ቤቱ ነው።

ደረጃው

የደርቢው ቤት ፎቅ ነበረው። ማድቤቱን እናስታውስ፦ ጭሱ የሚከማቸው ከላይ ነው። ፎቅ ቤት ውስጥ «ከላይ» ማለት መኝታ ቤት ነው። ልጆቹ የተኙት ጭሱ ሄዶ በሚተኛበት ቦታ ላይ ነበር። ምድር ቤቱን ከፎቁ የሚያገናኘው ደረጃ ለሰው መውረጃ እንደሆነ ሁሉ ለጭስ መውጫ ነው፤ ከሥሩ እሳት ከተነሳ አንዱ ሌላውን ይዘጋዋል። ጢስ ማውጫ ሆኖ የሚያገለግል መተላለፊያ ውስጥ ወደ ታች የሚሄድ ሰው ወደ ምጣዱ እየሄደ ነው።

ይህ ነገር በኒውዮርክ ታይቶ ነበር፤ ያውም ከደርቢው እሳት 22 ዓመት ቀደም ብሎ። እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1990 በብሮንክስ፣ ሃፒ ላንድ በተባለ የጭፈራ ቤት አንድ ሰው እዚያ ከምትሠራ የቀድሞ ፍቅረኛው ጋር ተጣላ፤ ዘበኛው አስወጣው። ሄዶ የአንድ ዶላር ቤንዚን ገዝቶ ተመለሰና መግቢያው ላይ አቀጣጠለው። 87 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ከሆንዱራስ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። የተጣላት ሴት ተረፈች። ቤቱ በቂ የአደጋ ጊዜ መውጫ ስላልነበረው እንዲዘጋ በ1988 ታዞ ነበር፤ ትእዛዙ ወረቀት ላይ ቀረ። ፎቅ ላይ የነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ ነበልባል አልደረሰባቸውም። የገደላቸው ጭሱ ነው፣ ያውም በደቂቃዎች ውስጥ። በአንድ ሰው ላይ የተወረወረ ቂም ብዙ ቤተሰብ ማቅ አለበሰ፣ ያነጣጠረባትን ግን ሳታት።

የደርቢዎቹንም ልጆች የገደላቸው ጭሱ ነው። ባለፈው ምዕራፍ በተዘጋ ክፍል ስለሚነድ ከሰል ስንነጋገር ያየነው ካርቦን ሞኖክሳይድ እዚህም አለ። ሽታ የለውም፤ ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ይይዘዋል። የተኛ ሰው እንቅልፉ ይጠብቅበታል እንጂ አይነቃም። ሐኪሞች አስከሬን ሲመረምሩ በደም ውስጥ የዚህን ጋዝ መጠን፣ በመተንፈሻ ቱቦ ውስጥ ደግሞ ጥቀርሻን የሚፈልጉት ለዚህ ነው፤ ሟቹ እሳቱ ሲነሳ ይተነፍስ እንደነበር የሚነግሯቸው እነዚህ ናቸው።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ቅር ይለኛል። በጭሱና በተኛው ሰው መካከል የተዘጋ የመኝታ ቤት በር ካለ፣ ተራ የእንጨት በር እንኳ ቢሆን፣ ውድ ደቂቃዎችን ይገዛል። ጭሱ በሥሩ መሹለኩ አይቀርም፤ ድንበሩ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ቶሎ አይወርድም። ፎቅ ቤት የምትኖሩ፣ ማታ የልጆቻችሁን በር ዝጉ።

ያልነቁት ልጆች

የደርቢሻየር እሳት አደጋ መርማሪ የነበረው ዴቭ ኮስ ከዚያ ቤት አንድ ጥያቄ ይዞ ወጣ። ቤቱ ውስጥ የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወል ነበር፣ ይሠራም ነበር። ልጆቹ ግን ከአልጋቸው ለመውጣት የሞከሩ አይመስሉም። ለምን?

እሱና የደንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 34 ልጆችን በየቤታቸው፣ በየአልጋቸው እንደተኙ ፈተኑ። ወላጆች ሌሊት ላይ ደወሉን ያስጮኻሉ፣ ልጁ ይነቃ እንደሆነ ይመዘገባል፤ እያንዳንዱ ልጅ ስድስት ጊዜ ተሞከረ። ከ34ቱ 27ቱ በተደጋጋሚ ሳይነቁ ቀሩ። በሁሉም ሙከራ የነቁት ሁለት ብቻ ናቸው። አዋቂን ከአልጋ የሚያስፈነጥር ቀጭን፣ የሚበሳ ድምፅ ልጅን አልፎት ይሄዳል፤ የልጅ እንቅልፍ ከአዋቂ እንቅልፍ የጠለቀ ነው። ቤት ውስጥ ደወል ስለሰቀልን ብቻ ልጆቻችን ይነቃሉ ብለን የምንተማመን ወላጆች ይህን ውጤት ደግመን ብናነበው ይገባናል፤ ደወሉ በዋናነት የሚቀሰቅሰው እኛን ነው፣ ልጆቹን መቀስቀስ የእኛ ሥራ ነው።

ተመራማሪዎቹ እዚያ አላቆሙም። በቀጭኑ ድምፅ ፋንታ ወፈር ያለ፣ ወደ 500 ኸርዝ የሚጠጋ ድምፅ ወሰዱና በላዩ የሴት ድምፅ ጨመሩበት፤ ቤቱ እየተቃጠለ ስለሆነ ተነሡ የሚል። በዚህኛው ከልጆቹ 90 በመቶ ያህሉ ነቁ።

ያልተለኮሰው እሳት

እሳት ቀስ ብሎ ያድጋል የሚለው ግምት ልጆችን ብቻ ሳይሆን ንጹሕ ሰውንም ሊያስገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1990 በፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ከተማ፣ ላይም ስትሪት ላይ አንድ ቤት ተቃጠለ። ሚስት፣ እኅቷና አራት ልጆች ሞቱ። ባልየው ከትንሽ ልጁ ጋር ተረፈ። ልጁ በእሳት ሲጫወት ሶፋውን እንዳቀጣጠለው አባትየው ተናገረ። መርማሪዎች አላመኑትም። እሳቱ በጣም ፈጥኗል፣ ወለሉም ላይ ፈሳሽ የፈሰሰበት የሚመስል የተዘበራረቀ የቃጠሎ ቅርጽ ነበር፤ በጊዜው በነበረው ትምህርት ይህ የቤንዚን ፊርማ ነው። በቤት ውስጥ እሳት ሚስት ሞታ ባል ሲተርፍ ደግሞ የሰው ሐሳብ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። ሰውየው በስድስት ሰዎች ግድያ ተከሰሰ፤ የሞት ቅጣት ይጠብቀው ነበር።

ዐቃቤ ሕግ ክሱን ለማጠናከር ፈልጎ ጆን ሌንቲኒና ጆን ደሃን የተባሉ ሁለት የእሳት ባለሙያዎችን ጠራ። ባለሙያዎቹ ያልተለመደ ነገር አደረጉ። አጠገቡ ሊፈርስ የተወሰነበት፣ አሠራሩ ተመሳሳይ የሆነ ቤት ነበር። ያንን ቤት እንደተቃጠለው አድርገው አዘጋጁት፤ ተመሳሳይ ምንጣፍ፣ ተመሳሳይ የግድግዳ ወረቀት፣ ተመሳሳይ ሶፋ። ቤንዚን ጠብታ ሳይጨምሩ ሶፋውን ለኮሱት። ክፍሉ በጅምላ እስኪቀጣጠል 15 ወይም 20 ደቂቃ ይፈጃል ብለው ገምተው ነበር። 5 ደቂቃ አልሞላም። እሳቱ ሲጠፋ፣ ፈሳሽ ባልነካው ወለል ላይ ያዩት ያው ቤንዚን ፈሰሰ ያሰኘው ቅርጽ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ሥራቸው እሳት ነው፤ ቢሆንም የምድጃውን ሰዓት ይዘው ነበር የገቡት። ደመናው ሲወርድና ወለሉን ከላይ ሲጠብሰው፣ ምንጣፉ እኩል ስለማይቃጠል የተዘበራረቀ ቅርጽ እንደሚተው በሰዓትና በካሜራ እስኪያዩት ድረስ ቢያንስ ለዚያ ቤት አላሰቡትም። ያዩትን ደግሞ አልደበቁም፤ ለጠራቸው ዐቃቤ ሕግ እውነቱን ነገሩት። ክሱ ተነሣ። ለዚህ ሐቀኝነታቸው ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ለሙከራው የከፈለው ወገን የፈለገውን መልስ አላገኘም፣ የአንድ ሰው ነፍስ ግን ተረፈች።

በ1992 የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ዛሬ በአብዛኛው 921 በሚለው ቁጥሩ የሚታወቀውን የምርመራ መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣ። ክፍሉ በጅምላ ከተቀጣጠለ በኋላ የወለል ቅርጽ ብቻውን ቤንዚን መፍሰሱን አያረጋግጥም የሚለው ትምህርት ዛሬ የሞያው መሠረት ነው። የደርቢውም ጉዳይ በወለል ቅርጽ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ፖሊስ ጥንዶቹ ባረፉበት የሆቴል ክፍል በስውር የቀዳው ንግግር ነበር፣ በተከሳሾቹ ልብስ ላይ የተገኘ የቤንዚን ርዝራዥም ነበር።

ይህ ርዝራዥ የሚባለው ነገር ራሱ ቀላል አይደለም። ምንጣፉ፣ ሶፋው፣ የጫማው ሶል ሳይቀር ከነዳጅ ዘር የተሠሩ ስለሆኑ ሲቃጠሉ የሚተዉት ቅሪት የቤንዚን ዘመድ ነው። ቤተ ሙከራው ዘመድን ከዘመድ እንዴት እንደሚለይ፣ መቼስ እንደሚሳሳት፣ የሚቀጥለው ምዕራፍ ሥራ ነው።